ብረት ምጣዳችንን ማን አዛገው

ስምንት ዓመት ሙሉ ሰላም ያላልኳቸው ሴትዮ ግቢ ሳላንኳኳ ገባሁ። ማክሰኞ ጠዋት ነበር፤ ገና ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የሸዋሮቢት ፀሐይ ቆርቆሮውን ማንጫጫት ጀምራለች።

ሴትዮዋ ጎረቤታችን ናቸው። ግድግዳችን የአንድ ቤት ያህል የተጠጋ ስለሆነ እሳቸው ሲያስሉ እኛ ቤት ይሰማል። ጉልበታቸውም ዓይናቸውም እየደከመ ስለመጣ ኮምቦልቻ ያለችው ልጃቸው ወደ እሷ ልትወስዳቸው ነው፤ ዓርብ ጠዋት መኪና ይመጣል ተብሏል። ስለዚህ የጓዳቸው ዕቃ ሁሉ ግቢው ላይ ተዘርግፏል፤ አልጋው፣ ጀሪካኑ፣ የማሽላው ጆንያ። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ ያየሁት በአጋጣሚ ነው፤ ልሰልል አልነበረም። ይሁን፣ ልሰልልም ነበር። ስምንት ዓመት ስፈልገው የኖርኩት ነገር አለ።

አየሁትም። በባዶ ጆንያ ላይ፣ በአፉ ተደፍቶ፣ የእናቴ ብረት ምጣድ!

እንዴት አወቅሽው የሚለኝ ካለ፣ እናቴ ቀን ከሌት ስታወራልኝ የኖረቻት መስመር አለችው። ከሆዱ በታች፣ ብረቱ ቀልጦ ሲፈስ የቀረች፣ በጣት የምትዳሰስ፣ እንደ እጅ ጅማት ያበጠች መስመር። መስመሯ አለች። ምጣዱ ግን ምጣድ መሆኑ ቀርቷል። ከጆሮ እስከ ጆሮ ዝጓል። ላይ ላዩን ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ቅርፊት ቅርፊት እያለ የሚረግፍ ቀይ ነገር ለብሷል። ደሜ ፈላ። በሩን እንዴት እንዳለፍኩት አላስታውስም።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ከሥሩ ልናገር።

በእኛ ሰፈር ሰው ሲሞት የቅሬው፣ የዕድራችን ማለት ነው፣ ሴቶች ሁሉ ድስታቸውን፣ ምጣዳቸውን፣ ትሪያቸውን ይዘው ወደ ሐዘኑ ቤት ይመጣሉ። እንዳይቀላቀል የየአንዳንዱ ጆሮ ላይ ጨርቅ ይታሰርበታል፤ አንዷ ቀይ፣ አንዷ አረንጓዴ፣ አንዷ የልጇን አሮጌ ሸሚዝ ቁራጭ። ሰደቃው ካለፈ በኋላ ዕቃው ታጥቦ፣ ጨርቁ እየታየ፣ ለየባለቤቱ ይላካል። መላክ ያለበት የሐዘኑ ቤት ነው። ባለ ዕቃዋ መጥታ «ምጣዴን ስጡኝ» አትልም፤ ከሐዘን ቤት ዕቃ መጠየቅ ነውር ነው። ቢጠፋባት እንኳ ቻል አድርጋ ትቀመጣለች።

አባቴ የሞተ ጊዜ እትዬም ብረት ምጣዳቸውን ይዘው መጥተው ነበር። ጎረቤታችንን እትዬ ነው የምላቸው፤ ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ። የእሳቸው ምጣድና የእናቴ ምጣድ መንትያ ናቸው፤ ሁለቱም ወፍራም፣ ሁለቱም ጎድጎድ ያሉ፣ ሁለቱም ባለ ሁለት ጆሮ። እናቴ የሷን ስትዳር ነው ከአሊዩ አምባ በአህያ አስጭና ያመጣችው። ሰደቃው አለፈ፣ ዕቃው ተመለሰ። በሳምንቱ እናቴ ቆሎ ልትቆላ ምጣዱን ስታነሳ እጇ ላይ ቀለላት። ገልብጣ ዳበሰችው። መስመሯ የለችም።

«ይሄ የኔ አይደለም» አለች። «የሷ ነው።»

ኢዳ ላይ ነበረች። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአስር ቀን ከቤቷ አትወጣም፤ ስለዚህ ሄዳ አልጠየቀችም። «አይታ ትመልሰዋለች» ብላ ጠበቀች። ምጣዱ አልተመለሰም። ኢዳዋ ያለቀ ቀን፣ ቤት ሙሉ ሴት በተቀመጠበት፣ እናቴ አፏን ከፈተች፤ «ጥሩውን መርጣ ወስዳ የሷን ጣለችብኝ! በባሌ ለቅሶ!» አለች። ወሬው አጥሩን ለመዝለል አንድ ቀን አልፈጀበትም። ከዚያ ወዲህ እትዬ ደጃችንን አልረገጡም፤ እኛም የእሳቸውን።

እኔስ? እኔማ የእናቴ ልጅ ነኝ። መንገድ ላይ ስንገጣጠም ሻሼን እያስተካከልኩ አልፋለሁ። ለኢድ ቤት ለቤት ስንዞር የእሳቸውን በር ዘልዬ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ። በምጣዳቸው ግን ሳምቡሳ እጠብሳለሁ። እንጀራዬ እኮ እሱ ነው፤ መናኸሪያው አጠገብ ለደሴና ለአዲስ አበባ መንገደኛ ሳምቡሳ እየጠበስኩ ነው እናቴንም ራሴንም የማኖረው። «እሷ በኛ ትጥበስ፣ እኔ በሷ እጠብሳለሁ» ብዬ ለራሴ ፈርጄ፣ ስምንት ዓመት በእሳቸው ምጣድ ስበላ ልቤን ቅንጣት ታህል አልጎረበጠውም።

እንግዲህ ያን ቀን ጠዋት ይህን ሁሉ ይዤ ነው የገባሁት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩ ምጣዱን አንስቼ። ቅርፊቱ ቀሚሴ ላይ ረገፈ።

እትዬ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጨርቅ ይመርጣሉ። ዓይናቸው ስለደከመ በድምፄ ነው የለዩኝ። «እንኳን መጣሽ» አሉ። «ልልክላችሁ ነበር እኮ።»

«መላክ! አሁን? እንዲህ አድርገሽ ከገደልሽው በኋላ?»

አንቺ አልኳቸው። እናቴን በዕድሜ የሚበልጡ ሴት፣ ስወለድ እትብቴን የቆረጡ ሴት። ከአፌ ሲወጣ ሰምቼዋለሁ፤ ግን አልመለስኩትም። እንዲያውም ጣፈጠኝ።

«ጠብሰሽበት ቢሆን ባልተቃጠልኩ! ተጠቀመችበት ብዬ እተወው ነበር። ራስሽ ሳትበዪበት፣ ለኛም ሳትሰጪ፣ ጥለሽ አዛግሽው! ይሄ ምን የሚሉት ክፋት ነው? ጠብታ ዘይት መቀባት አቃተሽ?»

«ዘይት ልቀባው አልችልም ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

«ዘይት ጠፍቶ ነዋ! ምስኪን!»

በአጥሩ ላይ ሁለት ሦስት ራስ ብቅ ብሏል። እትዬ የሚመርጡትን ጨርቅ ወደ ጎን አደረጉና «ውሰጂው» አሉ። «የናትሽ ነው። የኔ ነው ያልኩበት ቀን የለም።»

ይሄ ደግሞ ባሰብኝ። ሰው ሲሰድቡት ይሳደባል እንጂ እንዲህ ይላል? ምጣዱን ታቅፌ፣ በሩን በእግሬ ገፍትሬ ወጣሁ።

እናቴ ምጣዱን ስታየው አልጮኸችም። መሬት ላይ አስቀመጠችው፣ ጣቷን ከሥሩ ሰደደች፣ መስመሯን አገኘች። እጇ ቀይ ሆኖ ወጣ። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና «እስከ ዓርብ አውጪልኝ» አለች።

«ምኑን?»

«ዝገቱን ነዋ! ሳትሄድ ማየት አለባት። አጥሩ ላይ እሰቅለዋለሁ። የገደለችው ምጣድ ሲያብረቀርቅ አይታ፣ አንጀቷ እያረረ ትሂድ።»

ይሄ ነው የኛ ቤት ነገር። ሁለት አሮጊቶች፣ ከወጣትነት እስከ እርጅና በአንድ አጥር የኖሩ፣ አንዷ ልትሄድ ሦስት ቀን ቀርቷታል። ከዚያ በኋላ ቢተያዩ በአላህ ፈቃድ ነው፤ የሁለቱም ጉልበት መንገድ የሚችል አይደለም። እናቴ ግን የምታስበው አጥር ላይ ስለሚሰቀል ምጣድ ነው። ተይ አላልኳትም። እሰይ ነው ያልኩት።

ሥራውን የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ጀመርኩ። መጀመሪያ የምጣዱ ጆሮ ላይ የተቋጠረ ጨርቅ አስቸገረኝ። ዝገት ጠጥቶ፣ ደርቆ፣ ከብረቱ ጋር አንድ ሆኗል። በጥፍሬ ሞከርኩ፣ እምቢ አለ። በቢላ ቆርጬ ወረወርኩት፤ የት እንደወደቀም አላየሁም።

ከመንገዱ ማዶ ያለው በያጅ ሲያየኝ «አምጪው፣ ግራይንደር ላሳልፍበት፤ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው» አለኝ።

«ግራይንደር! የአያትህን ፊት ግራይንደር ታሳልፍበታለህ?»

«አያቴ አልዛገችም» አለ እየሳቀ። እኔ ግን ለሳቅ ጊዜ አልነበረኝም። ማሽኑ ዝገቱን ብቻ አይልጥም፣ ምጣዱንም ይልጠዋል፤ ገላው ከተቧጠጠ በኋላ ምግብ ሲይዝ ይኖራል። የሽቦ ብሩሹን ተዋስኩትና ሄድኩ።

ፈተግኩት። መጀመሪያ በሽቦ ብሩሽ፣ ቀጥሎ በሮቢ ወንዝ አሸዋ። ቀዩ ብናኝ አፍንጫዬ ገባ፣ ምራቄ ቀላ፣ ላቤ ሳይቀር ቀላ። በእያንዳንዱ ፍትጊያ እትዬን አነሳቸዋለሁ። ይሄ በአባቴ ለቅሶ። ይሄ በእናቴ እንባ። ይሄ «ዘይት ልቀባው አልችልም» ስላልሽው። ክንዴ ሲዝል እናቴ ከጥላው ሥር ሆና አዲስ ጥፋት ታቀብለኛለች፤ «ያን ዓመት ደግሞ ዶሮዋ ጎመኔን በልታው ነበር» ትላለች። እሺ፣ ይሄም ለጎመኑ።

ረቡዕ ሳምቡሳዬን ሸጬ ስመለስ ወደ ሎሚው ገባሁ። እኛ አገር ሎሚ አይጠፋም። ግማሽ ግማሽ ቆርጬ፣ ጨው እየነከርኩ አሸሁት፤ ጭማቂውንም ሳፋ ላይ አጠራቅሜ ምጣዱን ዘፈዘፍኩበት። ሎሚ ዝገትን ይበላል። ብዙ ካቆዩት ብረቱንም ስለሚበላ ከአጠገቡ አይነሱም። ቀስ በቀስ ከቀዩ ሥር ግራጫው ብቅ አለ። ደስ አለኝ! በንጹሕ ውሃ አለቅልቄ ግድግዳው ላይ አስደግፌው የገበያዬን ዕቃ ላስገባ ዞር አልኩ። ስመለስ መልሶ ቀልቷል። አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም እኮ! በንዴት ሳፋውን በእርግጫ አልኩት፤ የተጎዳው ጣቴ ነው።

«እርጥብ ብረት ትተሽ ትሄጃለሽ?» አለች እናቴ። «ከውሃ ወደ እሳት ነው የሚወሰደው። ይህንንም ላስተምርሽ?»

እንደገና ሎሚ፣ እንደገና ውሃ፣ አሁን ግን በቀጥታ ከሰል ላይ። ሲደርቅ ዘይት አፈሰስኩበትና እስኪጨስ ጠበቅኩ። ሲቀዘቅዝ ስነካው እንደ ሙጫ እጄ ላይ ተጣበቀ። አለቀስኩ ማለት ይቻላል።

«አጠጣሽው!» ብላ ጮኸች እናቴ። «ማሟሸት እኮ ማጠጣት አይደለም። ትቀቢዋለሽ፤ ከዚያ ምንም እንዳልቀባሽው አድርገሽ ትጠርጊዋለሽ። ሳምቡሳ የምትጠብሺው በምንሽ ነው?»

በምኔ እንደሆነማ ታውቀዋለች። ቀድሞ በተሟሸ በሰው ምጣድ ነው። እኔ ምጣድ አሟሽቼ አላውቅም ነበር፤ የእትዬ ምጣድ እጄ የገባው ጠቁሮ፣ ለስልሶ፣ ተዘጋጅቶ ነው። ይህን ያኔ አላሰብኩትም። ሙጫውን በእሳት አቃጥዬ፣ ፈትጌ፣ ከሉካንዳ ቁራጭ ላት አመጣሁ። ላቱን ትኩስ ብረት ላይ አሽቶ፣ ጠርጎ፣ ጭሱ እስኪያልቅ ከሰል ላይ መተው፤ ማቀዝቀዝ፤ እንደገና። ሐሙስ ቀትር ላይ ግራጫው ቡናማ ሆነ፣ ቡናማው ጠቆረ። አራተኛውን ስቀባ ፊቴን ጥቁሩ ውስጥ አየሁት፤ ወዛም፣ የተቆጣ ፊት።

ለመጨረሻው ጊዜ ልጠርገው ጨርቅ ፈለግኩ፤ ያለኝ ሁሉ ላት ነክቷል። የሎሚው ሳፋ ውስጥ አንድ ቁራጭ ጨርቅ ተኝቶ አየሁና አውጥቼ ጨመቅኩት። ማክሰኞ ቆርጬ የወረወርኩት ነው፤ ለካ ሳፋው ውስጥ ነው የወደቀው። ሎሚው ለምጣዱ የሠራውን ለሱም ሠርቶለታል፤ ዝገቱ ለቆታል። ጥቁር ናይለን ነው። ጠርዙ ላይ ብርማ ክር ተሰፍቶበታል።

እጄ ቀጥ አለ።

ያን ሻሽ አውቀዋለሁ። አባቴ በሞተበት ዓመት ለኢድ ከካራቆሬ ገዝቶ ያመጣልኝ ነው። እሱ ያደረገልኝ የመጨረሻ ነገር ስለሆነ እስከዛሬ ሳጥኔ ውስጥ አለ፤ ግን አንዱ ጥጉ ተቀዷል። ለምን እንደተቀደደ ጠይቄ አላውቅም ነበር። በለቅሶ ሻሽ መቀደዱ ምን ይገርማል?

አሁን መጣልኝ። ሰደቃው ያለፈ ዕለት ዕቃ አጣቢዋ እኔ ነበርኩ። የእትዬ ምጣድ ላይ ታስሮ የመጣውን ሰማያዊ ጨርቅ እሳት በልቶታል። «የእትዬ የቱ ነው?» ብዬ ጠየቅኩ፤ አንዷ ሴት ከሩቅ «ያ ወፍራሙ» አለችኝ። ሁለቱም ወፍራም ናቸው። ዓይኔ ከማልቀስ ብዛት አብጦ ሰውም ዕቃም አይለይም፤ ምጣድ ደግሞ ያኔ ለኔ ምጣድ ብቻ ነው፣ መስመር ያለው የሌለው አላውቅም። ሌላ ጨርቅ ሳጣ ሻሼን በጥርሴ ይዤ ቀደድኩና ለእጄ የቀረበው ጆሮ ላይ ቋጠርኩት። «ይሄን ለእትዬ አድርሱልኝ» አልኩ። ከዚያ ረሳሁት። ወላሂ ረሳሁት።

ሳጥኔን ከፈትኩ። ሻሹን ዘርግቼ ቁራጩን የተቀደደው ጥግ ላይ አስቀመጥኩት። ልክክ አለ።

መርጣ ወሰደች? ምን መርጣ! እኔ ነኝ የሰጠኋቸው! በገዛ እጄ አስሬ፣ ልኬ፣ ከዚያ ስምንት ዓመት ሰላምታ ነፍጌ፣ በምጣዳቸው ነግጄ፣ በመጨረሻ ግቢያቸው ገብቼ አንቺ አልኳቸው። ጉንጬን በጥፊ መታሁት፤ እውነቴን ነው። አልበቃኝም።

ለእናቴ ጨርቁን እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። «እኔ ነኝ ያሰርኩት» አልኩ። «የኛን የላክሁት እኔ ነኝ።»

አየችው፣ ገለበጠችው፣ ብርማውን ክር በጥፍሯ ነካችው። «ታዲያ ለምን አልመለሰችውም?» አለች። ድምፅዋ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም።

«እንዴት ይመልሱት? የሐዘኑ ቤት እኛ ነን! የኛን ይዘው ቢመጡ የኔን ስጡኝ ማለታቸው አይደል? ኢዳ ላይ ካለች ሴት? መላክ የነበረብን እኛ ነን። አንቺ ግን አውቀሽው ነበር! የእሳቸው መሆኑን በሳምንቱ አውቀሽ፣ ሳትልኪላቸው፣ ሰው ፊት ስማቸውን አጠፋሽ! እኔንም አስከተልሽ!»

በእናቴ ላይ እንዲህ ጮኼ አላውቅም። እንድትመልስልኝና የባሰ እንድጮህ ፈልጌ ነበር። ጨርቁን መልሳ ሰጠችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እራት አልበላም አለች።

ዓርብ ጠዋት የእትዬን ምጣድ በሙቅ ውሃ አጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ ስስ ዘይት ቀባሁ። ወደ ግቢያቸው ሄድኩ፤ በሩ ክፍት ነው፣ የሚጭነው መኪናም ደርሷል፤ ቢሆንም አንኳኳሁ።

«ግቢ» አሉ እትዬ። ነጠላቸውን ተከናንበው፣ በትራቸውን ይዘው፣ ባዶው ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ ምጣድዎን አምጥቻለሁ። ያን ጊዜ ጨርቁን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው። ይቅር ይበሉኝ፣ አፉ ይበሉኝ።»

«አውቃለሁ» አሉ።

«ምኑን ነው የሚያውቁት?»

«ሻሽሽን ነዋ። አባትሽ ሊገዛልሽ ሲል ምን ዓይነት ትወዳለች ብሎ የጠየቀኝ እኔን ነው። ምጣዱ የመጣ ዕለት አይቼ፣ ልጅቷን ሐዘን አጥፍቷት ነው አልኩ። ያዩታል፣ ይልኩልኛል ብዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ እናትሽ ያለችው መጣ።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሯትም?»

«ምን ብዬ? ልጅሽ ናት ብዬ? እናትሽን አታውቂያትም? ባሏን ቀብራ ገና መቃብሩ ሳይደርቅ፣ በሰው ፊት አሳፈርሽኝ ብላ አንቺን ነበር የምትበላሽ። አንቺም አባትሽን የቀበርሽ ልጅ ነሽ። እኔን ብትል ምን እሆናለሁ፣ አሮጊት ነኝ።»

«ዘይቱስ?» አልኩ። «ለምን አልቀቡትም?»

«አማና ነው እኮ፣ የሰው አደራ። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እሳት ላይ አልጥደውም። ዘይት የሚቀባ ሰው ሊጠብስበት ነው። ጨርቁንም አልፈታሁት፤ ከፈታሁት የኔ ሊመስል ነው። በጦርነቱ፣ ያ የሽሽቱ ጊዜ፣ ሌባ እንዳይወስደው ብዬ በረቱ ውስጥ ቀብሬው ሄድኩ። ተመልሼ ሳወጣው ነው እንዲህ ሆኖ ያገኘሁት።»

«የራስዎንስ ምን ቀበሩ?»

«የኔ ምን አለኝና። በጎቼን ወስደዋቸዋል።»

ሰው እዚህ ላይ እግራቸው ላይ ይወድቃል። እኔ ተናደድኩ። «ማን ጠብቁልኝ አለዎት!» ብዬ ጮህኩ። «ማን ሸክሜን ተሸከሙልኝ አለዎት? ማክሰኞ ለት እንኳ አንድ ቃል ቢሉኝ! አንቺ ስልዎት፣ ሰው አፉን ከፍቶ ሲሰማኝ፣ አንድ ቃል!» እንባዬ እየወረደ ነው የምጮኸው።

«ማክሰኞ ለትማ ትሰሚ ነበር እንዴ?» አሉ።

ከኋላዬ በሩ ተንቋቋ። እናቴ ናት። በስምንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን ደፍ ተሻግራለች። በአንድ እጇ በትር፣ በሌላው የተሟሸውን ምጣዷን ወገቧ ላይ ደግፋ፣ እያለከለከች።

«አንቺ!» አለቻቸው። «አፍ የለሽም? ስምንት ዓመት ሙሉ አፍ የለሽም?»

«አንቺስ ጆሮ አለሽ?» አሉ እትዬ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ከፍ አለ። «ሌባ ስትዪኝ ጆሮ ነበረሽ?»

«ሌባ አላልኩም! መርጣ ወሰደች ነው ያልኩት!»

«ልዩነቱን ንገሪኝ እስቲ!»

«ባል የሞተባት ሴት ያለችው ይያዛል?»

«ባሌ የሞተ ጊዜ እኔ ማንን ሰደብኩ?»

ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ። ሁለቱም አንድ ላይ ዞረው «ቆይ!» አሉት። እናቴ ምጣዷን ከወገቧ አውርዳ እትዬ እግር ሥር አስቀመጠችው። እትዬ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ዳበሱት፤ ጥቁሩን፣ ልስላሴውን።

«ዳነ» አሉ። «ቀን ከሌት ሲያስጨንቀኝ ነበር።»

«እኔ በየቀኑ በላሁብሽ» አለች እናቴ። እንዲህ ባለ ድምፅ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። «ልጄ ባንቺ ምጣድ ነግዳ አኖረችኝ። አንቺ ጨርቋን እንኳ አልፈታሽም። አፉ በይኝ።»

«ብያለሁ» አሉ እትዬ። «ያን አፍሽን ግን አላህ ይያዝልሽ።»

ልጃቸው ደርሳ ክንዳቸውን ደግፋ አስነሳቻቸው። የእሳቸውን ምጣድ ላቀብላቸው አነሳሁት። አልተቀበሉኝም። «ጨርቋስ?» አሉ።

ከኪሴ አወጣሁት። እትዬ እጃቸውን ከምጣዱ ሥር ሰደው፣ ሆዱን ከዳር እስከ ዳር ዳበሱ። መስመር የለም።

«የኔ ነው» አሉ። «አንቺም ዳብሺው።»

ዳበስኩት።

«አሁን እሰሪው።»

ጨርቁን በቢላ ስለቆረጥኩት አጥሯል፤ ሁለት ጊዜ አመለጠኝ። እናቴ ከጎኔ ሆና «ጠበቅ አድርጊው» አለች። በሦስተኛው ቋጠርኩት። እትዬ ቋጠሮውን ሳብ አድርገው ፈተሹና ምጣዳቸውን ታቅፈው ወደ መኪናው ሄዱ።